ቆጣሪ የሚጥል ልብስ ማጠቢያ ማሽን፦ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ወይስ የቤቱ?

«ማሽኑ ቆጣሪ ይጥላል።» ከትምህርት ሰዓት ውጭ በምሠራበት የጥገና ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ካላቸው ደንበኞች ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ ይህ ነው። አቤቱታው አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ መነሻው ብዙ ነው። በዚህ ጽሑፍ፣ አንድ ማሽን የቤቱን መብራት እየደጋገመ ሲያጠፋ ጥፋቱን ከየት ጀምረን እንዴት እንደምንፈልገው ለማስረዳት እሞክራለሁ። እኛ የዲፓርትመንቱ ተማሪዎች በላብራቶሪ አንድ በአንድ የለካናቸው ነገሮች እዚህ ማሽን ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። ሬዚስታንሱም፣ ሞተሩም፣ ካፓሲተሩም፣ ሪሌዩም አሉ።

ርዕሱን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። በሌላ ብልሽት ወደ እኛ የሚመጡ ማሽኖች ሲከፈቱ፣ አንዳንዶቹ ከዚህ በፊት «የመጣል» በሽታ ይዟቸው ታክመው እንደነበር ያስታውቃሉ። ስፒናው ሲፈታ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያላት የግራውንድ ሽቦ ተቆርጣ፣ ጫፏ በናስትሮ ተጠቅልሎ ይገኛል። እውነትም ማሽኑ መጣሉን አቁሟል። የቆመው ግን ምልክቱ ነው፤ ሕመሙ እዚያው አለ፣ ያውም ልብስ የምታጥበዋን ሴት እጅ እየጠበቀ።

የወደቀው የትኛው ነው?

በአነጋገራችን ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን በሙሉ «ቆጣሪ» ነው። ነገር ግን የመብራት ኃይል ሰው የሚያነበው ቆጣሪ ሌላ፣ ዋናው ብሬከር ሌላ፣ የየመስመሩ ትናንሽ ብሬከሮች ሌላ፣ ኧርዝ ሊኬጅ የሚባለው መከላከያ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ለደንበኛ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «መብራቱ ሲጠፋ ሄደው የሚያነሱት የትኛውን ነው?» የሚል ነው። (በካርድ ቆጣሪ ቤት ካርዱ አልቆ እንደሆነ መጠየቅም ነውር የለውም፤ አጋጥሞኛል።)

የወደቀችው ትንሿ ብሬከር ከሆነች ጉዳዩ የመጠን ነው፤ በሽቦው ማለፍ ከሚገባው በላይ ከረንት አልፏል ማለት ነው። ብሬከር በሆዱ ውስጥ ሁለት ዘዴ ይዟል። አንደኛው ሲሞቅ የሚጣመም፣ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ቅጠል ሲሆን ለትርፍ ጭነት ቀስ ብሎ ይሠራል። ሁለተኛው ኤሌክትሮማግኔት ነው፤ በሾርት ጊዜ ዓይን ሳይጠቀስ ይጥላል። ስለዚህ የወደቀበት ሰዓት ራሱ ይናገራል። ስፒናው እንደተሰካ ወይም ቁልፉ እንደተጫነ «ጧ» ብሎ ከወረደ ፌዝና ኒውትራል አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ማሽኑ ሃያ ደቂቃ ከሠራ በኋላ ከወረደ ግን፣ በተለይ ቤት ውስጥ እንጀራ እየተጋገረ ከሆነ፣ ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት ሂሳብ መሥራት ይበጃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። የማሽኑ ማሞቂያ 2 ኪሎዋት ከሆነ 9 አምፔር ይጨምራል። በዚያ ላይ አንድ ሰው ለሻይ ውሃ ማፍያውን ከሰካ ሌላ 9 አምፔር ነው። ድምሩ 34 አምፔር ሆነ። ዋናው ብሬከር 20 አምፔር ከሆነ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም። የሚያስፈልገው ጥገና ሳይሆን ተራ መያዝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የብሬከሩ ብሎን በደንብ ካልጠበቀ መገናኛው ይግላል፤ ሙቀቱም ቅጠሉን አጣምሞ ጭነት ሳይበዛ ሊያስጥለው ይችላል። ጠቁሮ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የወደቀው ኧርዝ ሊኬጁ ከሆነ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ይህ መሣሪያ ስለ ጭነት ብዛት ግድ የለውም። ፌዙና ኒውትራሉ አብረው በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ። የሄደው ከረንት በሙሉ ከተመለሰ የሁለቱ መግነጢስ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ቀለበቱም ዝም ይላል። ከሄደው ውስጥ ጥቂቱ በሌላ መንገድ፣ በግራውንድ ሽቦ ወይም በሰው ሰውነት በኩል፣ ወደ መሬት ከፈሰሰ ግን ልዩነቱ ቀለበቱ ላይ በተጠመጠመች ቀጭን ሽቦ ውስጥ ከረንት ይፈጥርና መወርወሪያውን ይለቀዋል። በር ላይ ቆሞ የገባውንና የወጣውን ሰው እንደሚቆጥር ዘበኛ ነው ቢባል ይቀላል። ለቤት የሚገባው 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚጥለው ዓይነት ነው። ይህ ከ16 አምፔር ጋር ሲነጻጸር ከአምስት መቶ ጊዜ በላይ ያነሰ መጠን ነው።

ለምን ይህን ያህል አነሰ ለሚል ሰው፣ ቁጥሩ የመጣው ከሰው ሰውነት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ያስተምሩ የነበሩት ቻርልስ ዳልዚኤል በፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ሰው የጨበጠውን ሽቦ በራሱ ፈቃድ መልቀቅ የሚችልበት የመጨረሻ መጠን በአማካይ ለወንድ 16፣ ለሴት 10.5 ሚሊአምፔር ገደማ ሆኖ አግኝተውታል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጡንቻው ይኮማተርና እጅ አይላቀቅም። እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የታወቀውንና 5 ሚሊአምፔር አካባቢ ላይ የሚጥለውን መከላከያ ፈለሰፉ። የእኛው ባለ 30 ደግሞ ከረንቱ ልብን ከማወኩ በፊት እንዲቆርጥ የተሠራ ነው። መንዘሩን ግን አያስቀርም።

ማሽኑ በየትኛው ደቂቃ ጣለ?

ማሽኑን ከመንካት በፊት ቤቱን ነጻ ማውጣት ያስፈልጋል። በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ከባድ ነገር፣ ለምሳሌ ካውያ ወይም ውሃ ማፍያ ይሰካ። እሱም ከጣለ ማሽኑን ተዉት፤ መስመሩን ፈልጉ። እርጥበት የገባበት ስካቶላ፣ በረንዳ ላይ ዝናብ የሚመታው ሶኬት፣ ወይም አንዱ ሠራተኛ ሽቦ አጥሮት ከሌላ መስመር የተዋሰው ኒውትራል ሊሆን ይችላል። ኒውትራሉ ከኧርዝ ሊኬጁ ውጭ ካለ መስመር የተወሰደ ከሆነ ዘበኛው ሲገባ የቆጠረውን ሲወጣ አያየውም፤ ስለዚህ ምንም ሳይፈስ ይጥላል።

ሌላው ዕቃ በሰላም ከሠራ ማሽኑ ተጠርጣሪ ነው። እዚህ ላይ ባለቤቷን ወይም ልብስ የምታጥበዋን ሰው ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ከመልቲሜትር ይበልጣል ባይ ነኝ። ማሽን እንደ ሰው መርሐ ግብር አለው። በሩን ይቆልፋል፣ ውሃ ያስገባል፣ ያሞቃል፣ ድራሙን ያሽከረክራል፣ ውሃ ይደፋል፣ በመጨረሻም ይጨምቃል። በየደረጃው አዲስ ክፍል ይነቃል፤ የሚጥለውም የታመመው ክፍል ሲነቃ ነው። ውሃ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ ከጣለ ማሞቂያውን እጠረጥራለሁ። ውሃ ሲደፋ ከሆነ ፓምፑን፣ ድራሙ መዞር ሲጀምር ከሆነ ሞተሩን። በጭመቃ ጊዜ ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ደግሞ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ልባሱ ያለቀ ኬብል ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚቀለው ሙከራ ያለ ሙቀት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ነው። በቀዝቃዛ ከዳር እስከ ዳር ጨርሶ በ60 ዲግሪ ከጣለ ፍለጋው በአብዛኛው አልቋል።

ማሞቂያውን ትንሽ ልዘርዝረው፤ ምክንያቱም እኔ ካየኋቸው ውስጥ ዋናው ጥፋተኛ እሱ ነው። ከድራሙ በታች ውሃው ውስጥ ተነክሮ የሚኖር የብረት ቱቦ ነው። በቱቦው መሐል እንደ ምጣድ ሬዚስታንስ የተጠመጠመ ሽቦ ያልፋል። በሽቦውና በቱቦው መካከል ማግኒዚየም ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቋል። ይህ ዱቄት ድንቅ ነገር ነው፤ ሙቀት ያስተላልፋል፣ ኤሌክትሪክ ግን ይከለክላል። አንድ ድክመት ብቻ አለበት፣ እርጥበት ይመጣል። ቱቦው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ከተፈጠረች ውሃው ይገባል፣ ዱቄቱም ከከልካይነት ወደ አስተላላፊነት ይለወጣል። ስንጥቁን የሚያመጣው ደግሞ አንዱ በላዩ የሚጋገረው ነጭ የድንጋይ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳይሄድ ስለሚያፍነው ብረቱ ከመጠን በላይ ይግላል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይህንን ቅርፊት ከማንቆርቆሪያው ውስጥ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን ከግድብ የሚመጣ ውሃና ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ አንድ አይደሉም፤ የጉድጓዱ ይበልጥ ይጋግራል።

የ2 ኪሎዋት ማሞቂያ ጤነኛ ከሆነ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል 24 ኦም ገደማ ይለካል። ብዙ ሰው ይህን ለክቶ «ደህና ነው» ይላል። የለካው ግን ማሞቅ አለማሞቁን እንጂ ማፍሰስ አለማፍሰሱን አይደለም። መለካት ያለበት በአንዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ነው። እዚያ ላይ ምንም ማንበብ የለበትም። መልቲሜትር የሚለካው በጥቂት ቮልት ስለሆነ፣ ሲደርቅ ጤነኛ መስሎ ውሃ ውስጥ ሲግል የሚያፈስ ማሞቂያ ያመልጠዋል። ለዚህ ነው በ500 ቮልት የሚለካው ሜገር የሚያስፈልገው። ሜገሩ ከ1 ሜጋኦም በታች ካነበበ እኔ ያንን ማሞቂያ መልሼ አልገጥመውም። ሜገር ከመጠቀማችን በፊት ግን ማሞቂያውን ከሽቦዎቹ መነጠል ይገባል፤ ያለዚያ 500 ቮልቱ ቦርዱን ይጠብሰዋል።

ምጣዱ የተከሰሰበት ጉዳይ

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንለፍ። በኮንዶሚኒየማችን አንዲት ጎረቤታችን ምጣዱን በለኮሱ ቁጥር ኧርዝ ሊኬጁ ይወድቅባቸው ነበር። «ልጄ፣ ይኼን ምጣድ ሁለቴ አሠራሁት፤ ሬዚስታንሱን በአዲስ አስቀየርኩ፤ አሁንም ያው ነው» አሉኝ። ኤሌትሪሻን መጥቶ ኧርዝ ሊኬጁንም ቀይሮታል። ምጣዱን በሜገር ስለካው ንጹሕ ሆነ። ከዚያ ቤት ውስጥ የተሰካውን ሁሉ ነቅለን ምጣዱን ለኮስነው፤ አልጣለም። ፍሪጁን ሰካን፣ አልጣለም። ቴሌቪዥኑን ሰካን፣ አልጣለም። መታጠቢያ ቤት ያለውን ልብስ ማጠቢያ ስንሰካ ወደቀ።

«እሱ እኮ ጠፍቶ ነው ያለው! ዛሬ አልታጠበበትም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማሽኑ ጠፍቷል። ኤሌትሪሻኑም ቀደም ሲል የማሽኑን መስመር ብሬከር ዝቅ አድርጎ ሞክሮ፣ ያም ሆኖ ስለወደቀበት ማሽኑን ነጻ አውጥቶት ነበር።

ምስጢሩ ኒውትራሉ ላይ ነው። የብዙ ማሽኖች ሪሌይ ማሞቂያውን የሚያጠፋው በአንድ ወገን ያለውን ሽቦ በመቁረጥ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጫፍ ስፒናው እስከተሰካ ድረስ ከሶኬቱ ጋር እንደተገናኘ ይቆያል። ባለ አንድ ፖል ብሬከርም እንዲሁ ፌዙን እንጂ ኒውትራሉን አይቆርጥም። የእኚህ ጎረቤታችን ማሽን ማሞቂያ ተሰንጥቆ ወደ ብረቱ ያፈስ ነበር፤ ኋላ ስለካው በሽቦውና በብረቱ መካከል 80 ኦም አነበብኩ። እንግዲህ ማሽኑ ጠፍቶም የቤቱን ኒውትራል በዚያ 80 ኦም በኩል ከግራውንድ ጋር አገናኝቶ ተቀምጧል።

ኒውትራል ዜሮ ቮልት ነው ተብለን ተምረናል። ዜሮ የሚሆነው ግን ትራንስፎርመሩ ዘንድ ነው። ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤት ያለው ሽቦ የራሱ ሬዚስታንስ አለው። ለምሳሌ 0.3 ኦም ነው ብንል፣ ጥቂት አምፖሎች በርተው ግማሽ አምፔር ሲያልፍ ኒውትራሉ ከመሬት በ0.15 ቮልት ብቻ ከፍ ይላል። ይህ በ80 ኦም በኩል የሚያፈሰው 2 ሚሊአምፔር አይሞላም፤ ኧርዝ ሊኬጁ አያየውም። ምጣዱ 16 አምፔር ሲስብ ግን ኒውትራሉ ወደ 4.8 ቮልት ይደርሳል። ለ80 ሲካፈል 60 ሚሊአምፔር! ይህ በኒውትራሉ መመለስ ሲገባው በማሽኑ ግራውንድ ሾልኮ ይወጣል። ዘበኛው ጥሩ አድርጎ ጣለ። ምጣዱ በደሉ ብዙ ከረንት መሳቡ ብቻ ነው።

ለማረጋገጥ ምጣዱን አጥፍቼ የማሽኑን ስፒና ነቀልኩና ገልብጬ ሰካሁት። በአገራችን የተለመደው ባለ ሁለት ክብ እግር ስፒና በሁለቱም በኩል ይገባል፤ ሲገለበጥ የፌዝና የኒውትራል ቦታ ይለዋወጣል። አሁን ማሞቂያው ላይ ሳይቆረጥ የሚቀረው ፌዙ ሆነ። ምጣድ ሳይለኮስ፣ ማሽን ሳይከፈት፣ ስፒናው ገና ከመግባቱ ጣለ። ይህን ሙከራ ያደረግኩት ግራውንዱ የተያያዘ መሆኑንና የኧርዝ ሊኬጁ «ቴስት» ቁልፍ መሥራቱን አስቀድሜ አይቼ ነው። ይህ ሳይረጋገጥ ማንም እንዳይሞክረው፤ ለምን እንደሆነ ከታች ግልጽ ይሆናል።

ግራውንዱ ሲቆረጥ

ከላይ የጠቀስኩት «ሕክምና» እንግዲህ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ተመሳሳይ ማሞቂያ ያለው ሌላ ማሽን «አይጨምቅም» ተብሎ ወደ ጥገና ቤታችን መጣ። አብራ የመጣችው የቤት ሠራተኛ ማሽኑን እየፈታሁ ሳለ በጎን «አንዳንድ ቀን ይነዝረኛል» አለችኝ። ባለቤቱ ፈገግ ብለው «እሷ መፍራት ትወዳለች፤ እኔ ስነካው ምንም የለውም» አሉ። «አንዳንድ ቀን ዝም ይላል፣ አንዳንድ ቀን ይነዝራል» አለች አሁንም፤ ከዚያ በላይ አልተከራከረችም።

ስፒናው ውስጥ ግራውንዱ ተቆርጧል። ማሞቂያው ያፈስሳል። በቤቱ የሚያጥቡት በቀዝቃዛ ውሃ ስለሆነ ማሞቂያው ሥራ አይሠራም፤ ነገር ግን አንዱ ጫፉ ሁልጊዜ ከሶኬቱ ጋር ነው። አጥባ ስትጨርስ ስፒናውን ትነቅላለች፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንደመጣላት ትሰካዋለች። በአንዱ ወገን ስትሰካው ብረቱ ኒውትራል ሆኖ ይውላል፤ ምንም የለም። በሌላው ወገን ስትሰካው የማሽኑ ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ልጅቷ ያለችው ሁሉ ቃል በቃል ትክክል ነበር። ባለቤቱም አልዋሹም፤ የሚነኩት ጫማ አድርገው በደረቅ እጅ ነው፣ እሷ ግን እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሯ ቆማ።

ያ ቤት ኧርዝ ሊኬጅ ነበረው። ግራውንዱ እያለ ማሽኑ ባፈሰሰ ቁጥር ይጥል ነበር፤ የመጣው «ሕክምናም» ለዚሁ ነው። ግራውንዱ ከተቆረጠ በኋላ ግን ለሚፈሰው ከረንት የቀረለት መንገድ የሰው ሰውነት ብቻ ሆነ። ኧርዝ ሊኬጁ አሁን የሚለካው በሽቦ የሚያልፈውን ሳይሆን በእሷ በኩል የሚያልፈውን ነው። 5 ወይም 8 ሚሊአምፔር ቢሆን እሷ ትደነግጣለች፣ መሣሪያው ግን ዝም ይላል።

ከዚህም የከፋ አለ። ኧርዝ ሊኬጁን ራሱን አውጥቶ በተራ ብሬከር መተካት። «ወፍራም ብሬከር ግባበት» ይባላል። በ80 ኦም በኩል ከ220 ቮልት የሚፈሰው 2.75 አምፔር ነው። ለ16 አምፔር ብሬከር ይህ ምንም አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ቢፈስ አይነቃም። ይኸው 2.75 አምፔር ግን ኧርዝ ሊኬጁን ለመጣል ከሚያስፈልገው ከዘጠና ጊዜ በላይ ይበልጣል። ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ከመቃጠል ለመጠበቅ ነው። የሰውን ነገር የሚያውቀው ኧርዝ ሊኬጁ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር ልግለጽ። ማሞቂያውም ሞተሩም ጤነኛ ሆነው የሚነዝር ማሽን አለ። በመግቢያው ላይ ያለው ፊልተር ከፌዙና ከኒውትራሉ ወደ ብረቱ የተያያዙ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉት። ግራውንድ ሲኖር የሚያልፈው ጥቂት ከረንት፣ እያንዳንዱ 4.7 ናኖፋራድ ከሆነ አንድ ሦስተኛ ሚሊአምፔር ገደማ፣ በዚያ ይወገዳል። ግራውንድ ከሌለ ግን ካፓሲተሮቹ ቮልቱን ለሁለት ይካፈሉትና ብረቱ 110 ቮልት አካባቢ ይቀመጣል። የፌዝ መፈተሻ ካቻቪቴ ይበራል፣ ሰውም ጣቱ ላይ ብርብር ይለዋል። ሁለት እግር ብቻ ባለው ኤክስቴንሽን የተሰካ ማሽን እንዲህ ነው። በመልቲሜትር ከመሬት አንጻር ሲለካ 110 አካባቢ ከሆነና ስፒናው ሲገለበጥም ካልተለወጠ ፊልተሩ ነው። በአንድ ወገን ወደ 220 ከወጣ፣ በሌላው ወደ ዜሮ ከወረደ ግን እውነተኛ ማፍሰስ አለ። መድኃኒቱ ለሁለቱም ግራውንድ ነው፤ ለሁለተኛው ደግሞ ጥገናም ይጨመራል።

ማሞቂያው ካልሆነስ?

ማሞቂያውን ለመክሰስ ወይም ለማሰናበት አጭሩ መንገድ ስፒናውን ነቅሎ የማሽኑን ጀርባ መክፈት፣ የማሞቂያውን ሁለት ሽቦዎች ነቅሎ ጫፎቻቸውን ለየብቻ በናስትሮ መጠቅለል፣ ክዳኑን መልሶ ማጠብ ነው። መጣሉ ከቆመ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም። ካልቆመ ሞተሩ ይከተላል። ካርቦን ያለው ሞተር ከሆነ፣ ካርቦኑ እያለቀ ሲሄድ የሚረግፈው ጥቁር ብናኝ ከሞተሩ ሽቦ ወደ ብረቱ ድልድይ ይሠራል፤ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ብቻውን ያዳነው ማሽን አይቻለሁ። የኩሽኔታው ጎማ አልቆ ከድራሙ የሚንጠባጠብ ውሃ ሞተሩ ላይ ካረፈም ውጤቱ ያው ነው፤ ኩሽኔታው ስለሚጮህ ያስታውቃል። ከታች ክፍት የሆነ ማሽን ውስጥ አይጥ ገብቶ ሽቦ መብላቱም የተለመደ ነው።

አንዱ ምክንያት ግን የእኛው ከተማ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ከበርሜል እየቀዳ በሳሙና ማስገቢያው በኩል በጆግ ይጨምራል። መሳቢያው የተሠራው ከቧንቧ ለሚመጣ የተመጠነ ውሃ ስለሆነ የተረፈው በጎን ይወርዳል። በብዙ ማሽኖች ከመሳቢያው ጎን ያለው ደግሞ ቦርዱ ነው። በሳሙና ውሃ የራሰ ቦርድ ሁልጊዜ ወዲያው አይቃጠልም፤ ለጥቂት ቀን ያፈስሳል፣ ይደርቃል፣ ይሠራል፣ እንደገና ይጥላል። ደንበኛው «ሲፈልገው ነው የሚጥለው» ካለ በጆግ ውሃ ይጨምሩ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ውሃ በሌለ ቀን መጨመር ግድ ከሆነ በሩን ከመዝጋት በፊት ቀጥታ ድራሙ ውስጥ ማፍሰስ ይሻላል።

በመጨረሻ፣ አንድም ክፍል ለብቻው ጥፋተኛ ያልሆነበት ጊዜ አለ። ባለ 30 ኧርዝ ሊኬጅ ከ15 በታች እንዳይጥል፣ 30 ላይ ግን የግድ እንዲጥል ሆኖ ነው የሚሠራው፤ በመሐል የትም ሊጥል ይችላል። ፍሪጁ ጥቂት፣ ኮምፒዩተሩ ጥቂት፣ አሮጌው ምጣድ ደግሞ ብዙ ሲያፈስሱ ቆይተው ማሽኑ የመጨረሻዋን ሚሊአምፔር ያዋጣል። እንዲህ ባለ ቤት የሚረዳው ምጣዱንና ማሽኑን በተለያየ ኧርዝ ሊኬጅ ሥር ማድረግ ነው።

ወደ ጎረቤታችን ማሽን ልመለስ። ማሞቂያውን ሳወጣው ቅርፊቱ ጣት ያህል ወፍሮ፣ መታጠፊያው ላይ ብረቱ ተሰንጥቆ ነበር። አዲሱን ከመግጠሜ በፊት ለካሁት፤ ጫፍ ለጫፍ 24 ኦም፣ ከብረቱ ጋር ሜገሩ ሊያነብ ከሚችለው በላይ። ከዚያ ማሽኑን በ60 ዲግሪ አስነስተን ምጣዱን ለኮስን። ሁለቱ አንድ ላይ 25 አምፔር ስለሆኑ የእሳቸውን ዋና ብሬከር አስቀድሜ አይቻለሁ፤ ባለ 32 ነው። የመጀመሪያው እንጀራ ሲወጣ ኧርዝ ሊኬጁ አልተነቃነቀም። ሳጥኑን ከመዝጋቴ በፊት «ቴስት» የሚለውን ቁልፍ ራሳቸው እንዲጫኑት አደረግኩ፤ ጣለ፣ መልሰው አነሱት። «በየወሩ አንድ ጊዜ ይጫኑት» አልኳቸው። ተጭኖ ካልጣለ የሚቀየረው እሱ ነው።